ደረቁ ፎጣ

ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ኩዌት፣ ፈርዋኒያ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
ሕንዶቹ ጸልየው ወጥተው፣ እኛ በተራችን ስንገባ፣
የሻማቸው ሰም ከወለሉ ላይ ገና አልረጋም፤
ሥርዓቱን ወደ ማታ ገፍተነዋል፣ ማዳም በጊዜ አትለቅም።

ክቡርነታቸው ይመጣሉ ተብሎ፣
አቶ ስንሻው ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፉን ጥሎ፣
ምንጣፍ ተውሶ፣ ኤሲ አስጠግኖ፣ የተሰነጠቀውን ወንበር
ከመጋረጃ ኋላ ሲደብቅ ነበር።
እኔ የአጥቢያችን ልብስ አጣቢ ነኝ። ነጩን ፎጣ
በበረኪና ዘፍዝፌ፣ ቢጫነቱ እስኪወጣ፣
ተኩሼ ለቀሲስ ላእከ አስረክቤያለሁ።
አሁን ከበሩ ሥር ቆሜ አያለሁ።

መጡ። ጫማቸውን ደፉ ላይ አወለቁ፤
ነጠላቸው መስቀልያ ነው፤ ሲሰግዱም ወገባቸውን አልሰረቁ።
አርባ አንዱን እግዚኦታ ሲቆጥሩ አንድም አልሳቱ፤
እኔ እንኳ ሠላሳው ላይ ይምታታብኛል ጣቱ።
ዳዊት በቃላቸው ነው። ይህን አልክድም፤
ባላየሁት በሰው ልብ አልፈርድም።

ግን ያ የሠራተኛ ውል፣ በዚሁ እጅ ነው የተፈረመው፤
ሬዲዮ ላይ «የልጆቻችን ክብር» ተብሎ የተወራለት፣ ያ ነው፤
ባንቺአምላክ የሦስት ወር ደመወዟን ለደላላ የገበረችበት፣
ፓስፖርቷ ከማዳም መሳቢያ የተቆለፈበት።

ውሃው ቀረበ፣ የወይራ ቅጠል ተንሳፎበት።
«ዛሬስ እኔም እግር ላጥብ» አሉ። ካሜራው መብራቱን ለቀቀበት።
አቶ ስንሻው ወዲያው እግር መራጭ ሆነ።
ባንቺአምላክ ከፊት ወንበር ነበረች፤
ተረከዟ ላይ ካውያ ያረፈበት፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ጠባሳ።
«እህቴ፣ አንቺ ወደ ኋላ፤ ለፎቶ አይመችም» ተባለች፤
ጥፍሯን የተቀባች የሳሎን ባለቤት ተተካች።
እልልታው ቀለጠ። እኔም እልል ብያለሁ፤
ካሜራው ወደኔ ሲዞር ነጠላዬን አስተካክያለሁ።

ሊወጡ ሲሉ ባንቺአምላክ ከኋላ ተነሣች።
«ጌታዬ፣ መጠለያው ውስጥ አርባ ሁለት ነን፤
የሊሴ ፓሴ ወረቀት ሰባት ወር ጠበቅን።»
«እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ልጄ» አሉ ፈገግ ብለው።
«እግዜርማ ፈቅዷል፣ ጌታዬ። የቀረው ማኅተም ነው።»
ኤሲው ብቻ አጉረመረመ።

ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ጠዋት፣ ሁለት ሰው ውሃ አስቀዳ፤
አንዱ ለሰው እግር ጎንበስ አለ፣ አንዱ እጁን አራገፈ ከዕዳ።
ውሃውማ ያው ውሃ ነው፣ ጣሳውም ያው ጣሳ፤
ክቡርነትዎ፣ እጅዎ ከየትኛው ነው የተነሣ?
ይህን በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ ግን
«መንገድዎን ያቅናልዎ» ብዬ ሸኘሁ፣ እንደ ሰዉ።

ሁሉም ሲሄድ ፎጣውን አነሣሁት። ደረቅ ነው።
ከሳሎን ባለቤቷ እግር አልደረሰም፤ ለካሜራው
ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ በቃ።
ግን አንዱ ጫፍ ርሷል። ትዝ አለኝ፤
ከጫማው መደርደሪያ ዘንድ፣ አጃቢው ስልክ ሲያናግር፣ ለብቻቸው፣
ፎጣውን ከመሶቡ አንሥተው ፊታቸውን ሸፍነው
ቆመው ነበር፤ ረዘም ላለ ጊዜ፤ አይቻለሁ በዓይኔ።
ላብ ይሁን እንባ፣ አላውቅም እኔ።
አገሩም ሙቀት ነው። እያፈርኩ ምላሴን አስነካሁት፤
ጨው ነው። ሁለቱም ጨው ናቸው፤ በምን ልለየው?

አላጠብኩትም። አጥፌ ጉያዬ ከተትኩት።
ነገ ስቅለት ነው፤ የመጠለያው መኪና ካመጣት፣
ባንቺአምላክ ስትሰግድ ላቧን ትጠርግበት።